ድምፅ የለውም ያልኩት ፌንጣ

ቡታጅራ፣ እሑድ የካቲት 3 ቀን 1966 ዓ.ም.

ትናንት ከሸረፋ ጋር እንደገና ዘቢዳር ወጣን። ሸረፋ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ከተራራው ሥር የእንሰት ማሳ ስላለው መንገዱን አሳምሮ ያውቀዋል፤ በቅሎውንም ያውሰኛል። ከእንሰቱ በላይ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ቦታ፣ ጭጋጉ ሳይወርድብን ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ፌንጣ ያዝን። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ብርጭቆ ተደፍቶባቸዋል።

መጀመሪያ የያዝኩትን ለጥምቀት አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ለአስረስ አሳይቼው ነበር። አስረስ መምህራን ማሠልጠኛ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆኖ ነፍሳትን ያጠናል። በማጉያ መስታወት አገላብጦ አየውና «ዳምጤ፣ ይህን እስከ ዛሬ ማንም የገለጸው አይመስለኝም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልኩም። አስረስ ሰኔ ላይ አውሮፓ ይሄዳል፤ በሙዚየም ከተቀመጡት ጋር ያስተያየዋል። ከዚያ በፊት መግለጫውን ጽፌ ማስረከብ አለብኝ። አንድ ፍጥረት አዲስ ዓይነት የሚባለው መልኩ ተገልጾ፣ ስም ወጥቶለት፣ መጽሔት ላይ ሲታተም ነው። እስከዚያ ድረስ ማንም የማያውቀው ፌንጣ ነው።

የቁጥቋጦ ፌንጣ ነው፤ ከሜዳው ፌንጣ የሚለየው ከገላው የሚረዝም ክር የመሰለ ቀንድ ስላለው ነው። የሚገርመው ግን ወንዱ ድምፅ የለውም። ዘመዶቹ ሁሉ ክንፍ በክንፍ እያፋተጉ ሴቷን ይጠራሉ። የዚህ ክንፍ ጥፍር አያህልም፤ የአንገቱ ጋሻ ውጦታል። እስኪመሽ አስታው ውስጥ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ጸጥ ያለ ነው። ስሙንም በልቤ አውጥቼለታለሁ፤ በላቲን «ዲዳው» ማለት ይሆናል።

ስንወርድ ሸረፋ አንድ ነገር ተናገረ። በቅሎዋ ስታንኮራፋ አልያዝኩትም። «አዎ» አልኩት። ሳቀ።

ማክሰኞ የካቲት 5

ጣሪያው። ሌት ተቀን ሲርርር ይላል። ቆርቆሮው ሥር ነፍሳት ሳይገቡ አይቀርም። መሰላል ተውሼ ወጣሁ፤ ከአቧራ በቀር ምንም የለም። ባለቤቴ አዛለች ከታች ሆና «ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«አይሰማሽም?»

«የለም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቀኑን ሙሉ ስልክ ቤት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ መስመር ስታገናኝ ነው የምትውለው። ጆሮዋ ሳይደክም አይቀርም። እንዳይከፋት ብዬ አልነገርኳትም።

ዓርብ የካቲት 8

ገበያ ቀን ስለሆነ ክፍሉ ግማሽ ባዶ ነው። የመጡትም ያንሾካሹካሉ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ዘንድሮ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ጥያቄ የሚጠይቁት ከንፈራቸውን ሳያላቅቁ ነው። ዘይባ የምትባለውን ልጅ ሦስት ጊዜ «ድገሚ» አልኳት። አራተኛ ላይ እንባዋ መጣ። ለምን ጮህኩባት? ልጅቷ ጨዋ ናት።

የሬዲዮው ድንጋይ ደክሟል። አዲስ ገዛሁ። እሱም ደካማ ነው።

ማክሰኞ የካቲት 12

ከትናንት ጀምሮ በአገሩ ሁሉ መምህራን ሥራ አቁመናል። ዛሬ ከቀትር በኋላ በአንድ ቤት ተሰበሰብን። ቤቱ ጠባብ፣ ሰው ብዙ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይናገራል። የታሪክ መምህሩ ጀማሉ ከወዲያ ጥግ ሆኖ፣ እጁን አገጩ ላይ እንዳደረገ፣ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያለፈውን ፈተና ያዘጋጀሁት እኔ መሆኔን የጠየቀኝ መሰለኝ። ፈገግ ብዬ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤቱ ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳሉ አልገባኝም። ስንወጣ ማንም አብሮኝ አልሄደም።

ዓርብ የካቲት 22

ካቢኔው ወረደ ይላሉ። አዛለች ስልክ ቤት ከገባች አትወጣም፤ አዲስ አበባ፣ ወልቂጤ፣ ሆሳዕና፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር መነጋገር ይፈልጋል። እኔ ከፌንጣዬ ጋር ነኝ። አገር እንዲህ ሲናወጥ የፌንጣ እግር መለካት ያሳፍራል? ያሳፍራል። ግን እጄን ከዚህ ሥራ ካነሳሁ ልቤ ይርዳል።

ክፍሎቹን የምጠራበት የአማርኛ ቃል አጣለሁ፤ በእንግሊዝኛ ከመጻፌ በፊት በአማርኛ ላስበው እፈልጋለሁ። የወንዱ ጅራት ላይ እንደ ማጭድ የጎበጡ ሁለት መንጠቆዎች አሉ፤ ጫፋቸው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ከዘመዶቹ ሁሉ ይለያል። የሴቷ እንቁላል መጣያ ወደ ላይ የቀና ጎራዴ ይመስላል። ቀለሙ እንደ አስታው ቅጠል ደብዛዛ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጀርባው ላይ የዛገ ብረት የመሰለ መስመር አለው። በግራ ክንፉ ሥር በመስታወት ሲታይ የተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉ። ዘመዶቹ የሚጮሁት በዚህ ጥርስ ነው። የዚህ ግን ከቅድመ አያቶቹ የተረፈ፣ ሥራ የፈታ ነገር ይሆናል። እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ።

አዛለች ከሥራ ስትመለስ በመስታወቱ አሳየኋት።

«ጆሮው የት ነው?»

«እዚህ፣ ከፊት እግሩ ጉልበት ሥር። ይህች ስንጥቅ።»

«ዲዳ ከሆነ ጆሮ ምን ያደርግለታል?»

«የሌሊት ወፍ እንዳይበላው ነዋ።»

አልመለሰችልኝም። ወይም መልሳ አልሰማሁም፤ እየሄደች ነበር።

ሰኞ መጋቢት 2

መግለጫው አለቀ። ነፍሳቱን በጥጥ ጠቅልዬ ከጽሑፉ ጋር ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት። ስሙም፣ ዲዳነቱም፣ ሁሉም ተጽፏል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤት ገብቼ ወጣሁ፣ ወጥቼ ገባሁ። የጣሪያው ድምፅ በረታ።

ቅዳሜ መጋቢት 7

ጀማሉን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላም አልኩት። ምራቁን ወደ ጎን ተፋና አለፈ።

እሑድ መጋቢት 15

እንደ ሆነው ልጽፈው።

ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ጠረጴዛው ላይ ነበርኩ። ድንገት አዛለች ፊት ለፊቴ ቆማለች። ነጠላዋን ከራሷ አላወረደችም፤ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ከበር ጀምሬ እየጠራሁህ ነው» አለች።

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ሰዉ ምን እንደሚልህ ታውቃለህ?»

«ምን ይለኛል?»

«ጆሮ ጠቢ! ዛሬ በስልክ፣ እኔ ባገናኘሁት መስመር፣ ያንተን ስም ጠርተው ሲሉ ሰማሁ። ጀማሉ በስብሰባ ፊት ‹ለዲሬክተሩ ወሬ የምታቀብለው አንተ ነህ ወይ?› ብሎህ፣ አንተ ስቀህ ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› አልክ።»

ተቀመጥኩ። «እኔ እኮ ስለ ፈተናው...»

«አውቃለሁ» አለችና ተንበርክካ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «አንተ ጆሮ ጠቢ አይደለህም። አንተ አይሰማህም፣ ዳምጤ። ጣሪያውም ላይ ምንም የለም። ዓመት ሆነህ። ትቆጣለህ ብዬ ዝም አልኩ።»

ተቆጣሁ። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ሰዓቴን ፈትቼ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፤ ምንም። ግራዬ ላይ፤ ምንም። ቆሟል ብዬ አየሁት። የሰከንድ ቆጣሪው ይዞራል።

ይህን ያደረገኝ ሳንባዬን በታመምኩ ጊዜ ወራት ሙሉ የተወጋሁት መርፌ ነው። ያኔ ሐኪሙ ራስ ማዞርና የጆሮ ጩኸት ከመጣ ንገረኝ ብሎኝ ነበር። ድኜ ስወጣ ደስታ ሁሉን አስረሳኝ።

ሰኞ መጋቢት 16

ፌንጣው! ጎሕ ሲቀድ ብድግ አልኩ። ፌንጣው!

በርበሬ መጋዘኑ በር ላይ ሸረፋን ያዝኩት። «አሰላሙ አለይኩም» እንኳ ሳልለው፣ «ያ ፌንጣ ይጮሃል ወይ?» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ሊል ሲል ገፋ አድርጌ፣ «በፊቴ ንገረኝ» አልኩት።

«ወላሂ መምህር፣ ያን ቀን ስንወርድ ነገርኩህ እኮ! ‹ይሄ አውሬ ዛሬ ጆሮዬን በሳው› አልኩህ። አንተም ‹አዎ› አልክ።»

«የያዝነው እሱ ራሱ ነው የሚጮኸው?»

«እሱን እንዴት አውቃለሁ? ተራራው ላይ የሚጮህ ብዙ ነው። እኔ የማውቀው እንደጮኸ ነው።»

እውነቱን ነው። ጩኸቱ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ነገር ግን ዲዳ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩትም በዚህ ጆሮ ነው። ጥርሱ እያለ። ጆሮው እያለ። ሁለቱንም አይቼ፣ ለሁለቱም ምክንያት ሰጥቼ አለፍኳቸው። ሰው ጉድለቱን እንዲህ በፌንጣ ላይ ይለጥፋል?

ማክሰኞ ሚያዝያ 1

ሰሙነ ሕማማት። ትምህርት ቤት ተከፍቶ እያስተማርኩ ነው፤ ከልጆቹ ይልቅ ከንፈራቸውን እያየሁ።

ለአስረስ ስልክ መደወል እፈራ ነበር፤ እፈራ የነበረው ለምን እንደሆነ ዛሬ ለራሴ አልደብቅም። አዛለች «ና፣ እኔ አናግረዋለሁ» አለችኝ። ስልክ ቤት ከጎኗ ቆምኩ። መስመሩን ሰክታ ደጋግማ «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» አለች። ከዚያ ዓይኗ በራ፤ አገኘችው።

«በዪው» አልኳት። «ስሕተት ነው በዪው። ዲዳ ነው የተባለው ይውጣ።»

ነገረችው። ጠበቀች። ወደ እኔ ዞራ በከንፈሯ ብቻ ነገረችኝ፦ ለመጽሔቱ ሊልከው በፖስታ አሽጎታል። ከዚያ የአስረስን ጥያቄ ደገመችልኝ፦ «የሚጮኸው እሱ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»



አዛለች በማዳመጫው ላይ «እኔ ሰምቼዋለሁ» አለች። «ሲጮህ አይቼዋለሁ፣ ዶክተር። እስከ ግንቦት መጨረሻ ጽፈን እናመጣለን፤ እስከዚያ አይላኩት።» ገመዱን ነቀለች።

«አልሰማሽውም እኮ!»

«እሰማዋለሁ» አለች።

ቅዳሜ ሚያዝያ 12

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ። ሦስታችን ወጣን፣ አዛለች በሸረፋ በቅሎ፣ እኛ በእግር። የበልግ ዝናብ ጀመረን። አስታው ውስጥ እስኪጨልም ተቀመጥን። አዛለች ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ እኔ ፊቷን አያለሁ።

ምንም።

«እንቁራሪት ይሰማኛል፣ ውኃ ይሰማኛል» አለች። «ፌንጣ የለም።»

ስንወርድ በውስጤ አንድ ክፉ ደስታ ተሰማኝ። ምናልባት ልክ ነበርኩ። ምናልባት ዲዳ ነው፤ ምናልባት እኔም ደኅና ነኝ። አዛለች ያሰብኩትን ያወቀችብኝ መሰለኝ። ጭቃ ላይ ቆም ብላ፣ «ካልሰማሁ አልሰማሁም እላለሁ፤ ለአንተ ብዬም ቢሆን የሌለ ነገር አላጽፍህም» አለችኝ።

ለአስረስ ግን ዋሽታለታለች። ሁለታችንም ይህን አላነሣነውም።

ወልቂጤ፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 22

ከቡታጅራ ወልቂጤ በተራራው ቢቋረጥ ቅርብ ነው። በመኪና ግን እስከ ዓለምገና ወጥቶ በጅማው መንገድ መልሶ መውረድ ነው። አዛለች የወልቂጤዋን የስልክ ባልደረባዋን ለምና የሐኪም ቀጠሮ አስይዛልኛለች።

ሐኪሙ ሹካ የመሰለ ብረት እያስጮኸ ጆሮዬ ላይ፣ ከዚያ ግንባሬ ላይ አኖረ። ወፍራሙን ሰማሁ። መካከለኛውን ጥቂት። በቀጭኑ ጊዜ እጁ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ እየጻፈ ሲናገር አዛለች ትከሻውን ነካ አድርጋ ወደ እኔ አዞረችው።

«መርፌው ነው» አለኝ። «ቀጭኑ ድምፅ ሄዷል፤ አይመለስም። የቀረው ሊቆይ ይችላል። ላይቆይም ይችላል።»

«ጩኸቱስ? ሲርርር የሚለው?»

«እሱ ከውስጥህ ነው። ትለምደዋለህ።»

አሁን አልጋ የያዝንበት ቤት መንገድ ዳር ነው። የጅማ ቡና የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ በአልጋው ብረት በኩል ይሰሙኛል። አዛለች ተኝታለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው። የሚሄደው መጀመሪያ ቀጭኑ ነው ካለ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የማጣው የእሷን ነው ማለት ነው። ይህን ሐኪሙን አልጠየቅሁትም። ልጠይቀው ነበር፤ እሷ እዚያው ነበረች።

ቡታጅራ፣ እሑድ ግንቦት 11

ትናንት!

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሸረፋ ለመግሪብ ሰግዶ ከበቅሎው ጋር ታች ቀረ። እኔና አዛለች አስታው ውስጥ ገባን። የባትሪዬን መብራት በጨርቅ ጋርጄዋለሁ። እንዲህ ተስማማን፦ ከሰማች እጇን ታነሣለች፤ ሲያቆም ታወርዳለች።

ጭጋጉ ወረደ። ብርድ። እጇ ጭኗ ላይ ነው። እኔ ልነሣ፣ እንሂድ ልል ሆነ።

እጇ ወጣ።

ወረደ። ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ ወጥቶ ቆየ፤ ጠበቅሁ፤ አሁንም እላይ ነው። ቀስ ብሎ ወረደ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እንደገና እንደዚያው። በጨለማ እጇን እያየሁ ወረቀት ላይ ጫርኩት።

ወደ ድምፁ እጄን ይዛ በጉልበቷ ሄደች። አንድ ቅርንጫፍ አሳየችኝ። ጨርቁን ከባትሪው አነሣሁ፤ እሱ ነው። ማጭድ የመሰለው መንጠቆ፣ የዛገው መስመር፣ ሁሉም። ከአንገቱ ጋሻ ሥር ያቺ ጥፍር የማታህል ክንፍ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እስክትደበዝዝ ድረስ። አዛለችን ቀና ብዬ አየኋት። እጇ እላይ ነው። ክንፉ ቆመ፤ እጇ ወረደ።

«እንደ ምን ነው?» አልኳት።

አሰበች። «መስመር ከሩቅ ሲከፈት እንደሚለው። ሰው ሳይናገር በፊት። ግን ከዚያም የቀጠነ፤ ጥርስ ያሳክካል።»

«ያምራል?»

«አያምርም» አለችና ሳቀች። ከዚያ እንባ ያዛት። እኔም እሷም እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጠን፣ ሸረፋ መብራቱን አይቶ እስኪመጣ ተቃቅፈን ቆየን። ሸረፋ ጉዳት የደረሰብን መስሎት ሮጦ መጣ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ «ጅብ መስሎኝ!»

ረቡዕ ግንቦት 14

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባሁ። እንደገባሁ ወሬው መቆሙን በጆሮዬ ሳይሆን በአንገታቸው አወቅሁ። ልወጣ ነበር። ከዚያ መሐል ቆምኩ።

«ጆሮዬ አይሰማም» አልኳቸው። «በየካቲቱ ስብሰባ ምን እንደጠየቃችሁኝ አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን አዎ አልኩ። አሁን ፊት ለፊቴ ሆናችሁ ጠይቁኝ።»

ጀማሉ ተነሣ። ፊቴ መጥቶ ቃሉን አንድ በአንድ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጠየቀኝ።

«አይደለሁም» አልኩት። «ሆኜም አላውቅም።»

ያመነኝ ይመስለኛል። ሁለት መምህራን ግን ከነሻያቸው ወጥተው ሄዱ፤ እነሱ ያላመኑኝ ናቸው። ጀማሉ ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥኩ።

አዲስ አበባ፣ ረቡዕ ግንቦት 21

በጠዋቱ አውቶቡስ ብቻዬን መጣሁ፤ አዛለችን ከሥራዋ አልለቀቋትም። ለአስረስ አዲሱን መግለጫ ሰጠሁት። «ዲዳው» የሚለው ስም ወጥቶ በተራራው ስም ተጠርቷል። ስለ ክንፉ ጥርስ የጻፍኩትን ሠርዤ እውነቱን ጽፌያለሁ። ስለ ድምፁ አንድ አንቀጽ አለ፤ ከሥሩም «ያዳመጠች፦ ወይዘሮ አዛለች» ይላል።

አስረስ እዚያ ላይ ቆመ። «ይህን አውጣው» አለኝ። «አንተ ሰማሁ ብለህ ጻፍ። ያገኘኸው አንተ፣ የገለጽከው አንተ። ድምፁን ሚስት ሰማችው ከተባለ፣ ባልየው እዚያው ተቀምጦ ለምን አልሰማም ብለው ይጠይቁኛል።»

«ደንቆሮ ስለሆነ በላቸው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ከእነዚህ ሁለት ወራት በፊት ቢሆን ይህን ቃል በፊቱ ከማውጣት ብሞት እመርጥ ነበር። አስረስ ወንበሩን ጎትቶ ከፊቴ ተቀመጠ፤ ቀስ ብሎ፣ «የአዛለችን ስም ከነአባቷ በላቲን ፊደል ጻፍልኝ» አለ።

ጻፍኩለት።

ሙዚየሙ ምን እንደሚል አናውቅም። ሌላ ሰው ከእኔ በፊት ገልጾት ይሆናል፤ አስረስም ይህ የተለመደ ነው ብሎኛል። ልቤ አሁንም አልተኛም። መስከረም ላይ በዚህ ጆሮ ማስተማር እንደሚፈቀድልኝም አላውቅም። አገሩም የት እንደሚያድር የሚያውቅ የለም።

ሐሙስ ግንቦት 22

በመልስ ጉዞ፣ አውቶቡስ ውስጥ እየጻፍኩ ነው፤ ፊደሌ ይዘላል። ከጥያ ወዲህ ዝናብ መስኮቱን ይደበድበዋል። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከመልካ ቁንጥሬ ጀምሮ ያወሩኛል። እንደ ልማዴ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ ሲስቁ እየሳቅሁ ብዙ መንገድ መጣሁ። አንድ ጊዜ ግን ሳይስቁ ጨርሰው መልስ ሲጠብቁ አየኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። ምን እንዳሉኝ አላውቅም።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ጆሮዬ አይሰማም። የነገሩኝን ሁሉ አልሰማሁትም። ፊትዎን ወደ እኔ አዙረው ይንገሩኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው፣ ወደ እኔ ዞረው ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።